የጨጓራው ዱቄት ምስጢር

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ፍቱን» ይላታል። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ከአባቷ ለወረሰችው የጨጓራ መድኃኒት ዱቄት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ከዱቄቱ ወደ እሷ ተሻገረ። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ ዱቄቱ የሚሠራባቸውን አምስት ሥሮች በጆሮዋ ነግረው፣ «ለሰው እንዳትተነፍሺ» አሏት። ሃያ ሁለት ዓመት አልተነፈሰችም። ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ስትወቅጥ እንኳ በሩን ትቀረቅራለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጎረቤቷ የልብስ ሰፊው ሚስት እያለከለከች መጣች።

«ባሌ ነስር አልቆም ብሎት ሆስፒታል ገባ፤ ድዱም ይደማል።»

«ዱቄቱን እንደሚወስድ ነገራችኋቸው?»

«ኧረ እሱ ‹ምንም አልወስድም› ብሎ ማለ! እርስዎን እንዳያስሩብን ፈርቶ ነው።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለች ለራሷ፤ «መድኃኒቱን የደበቀማ ምን ሊሆን ነው?» የዱቄቱን ቆርቆሮ በብብቷ ሸጉጣ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

ሐኪሟ ከልጇ የማትበልጥ ወጣት ነበረች። ልብስ ሰፊው ከሦስት ሳምንት በፊት ደም የሚያቀጥን የልብ ኪኒን እንደጀመረ ነገረቻትና፣ «ዱቄቱ ውስጥ ምን አለ?» ስትል ጠየቀቻት።

እትዬ ፍቱን ቆርቆሮዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ልብስ ሰፊው አፍንጫው በጥጥ እንደተወተፈ፣ «ይተዉ እትዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለ ድምፁ እየታፈነ።

«አንተ ዝም በል!» አለችውና አምስቱንም አንድ በአንድ ዘረዘረች።

«ሦስተኛው ሥር ከኪኒኑ ጋር አይስማማም» አለች ሐኪሟ። «ባይነግሩን ኖሮ ምክንያቱን ስንፈልግ እንውል ነበር።» ደሙ ማምሻውን ቆመ።

በማግስቱ በሐኪሟ ምክር ወደ መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሄደች። እስር ቤት የምትገባ ያህል በሩ ላይ አመነታች። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያንጠለጠለ ሽበታም ባለሙያ ቅጽ አቀረበላት።

«ምስጢሩ የአባቴ ነው» አለችው።

«ምስጢርዎን ቆልፈን እናስቀምጣለን። እኛ ያላወቅነውን ግን ለሕዝብ ይሽጡ ልንልዎ አንችልም። እስኪመረመር ድረስ አይሸጡም።»

ምርመራው አራት ወር ፈጀ። በዚያ ጊዜ ልብስ ሰፊው ድኖ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበርና፣ «ቁልፍ ይትከሉልኝ» ብሎ ከስፌት መኪናው አጠገብ ወንበር ሰጣት። ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳቀባት።

ውጤቱ መጣ። ዱቄቱ መርዝ የለበትም፤ ሆኖም ባለሙያው ክፍሏ ወለል ላይ ከነበረው የሥር ጆንያ የወሰደው ናሙና ሻጋታ ተገኝቶበታል። መጀመሪያ ተናደደች። ከዚያ ጆንያዎቹን አውጥታ ደፋች፤ ግድግዳው ላይ የእንጨት መደርደሪያ አሠራች፤ መስኮት አስከፈተች። ባለሙያው ዳግመኛ መጥቶ አየና ፈቃዷን በእጇ ሰጣት። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ መጠኑ፣ የተዘጋጀበት ቀንና ከየትኛው ኪኒን ጋር እንደማይወሰድ በጉልህ ተጻፈ።

አሁን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። እትዬ ፍቱንም ሳትጠይቅ አትሸጥም። ባለፈው ሳምንት አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሲመጡ የጥያቄ ወረቀቷን አንስታ ማንበብ ጀመረች።

«የልብ ኪኒን ይወስዳሉ?»

«አልወስድም።»

«እርጉዝ ነዎት?»

አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው እንባ እስኪያወጡ ሳቁ። «ልጄ፣ እንዲያው ለሕክምና ታሪክ ብለሽ፣ ‹ገና ነው› ብለሽ ጻፊልኝ!»