የአዋሹ አሥር ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ ልጄ ቤት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቴሌቪዥን አያለሁ። ዜናው ስለ አንድ ፈጣን ባቡር ነበር። ሁለት ጎረቤት አገሮችን በድልድይ ያገናኛል፤ መንገደኛው ሲነሳ አንዴ ብቻ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም አስመትቶ በጥቂት ደቂቃ ሌላው አገር ይገባል አሉ። እኔን የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። ሰባተኛ ክፍል የገባችውን የልጅ ልጄን ግን ሌላ ነገር ነው የከነከናት።

«አባባ፣ ሁለት አገር ከሆነ በማን ሰዓት ነው የሚነሳው?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳትና በረደኝ ብዬ ወደ መኝታዬ ገባሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለሰበብ ይመቻል፤ ማንም አይጠራጠርህም።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የምንኖረው አሊዩ አምባ ነበር። አባቴ ከአንኮበር ወርዶ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት መኪና ዘርግቶ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ፣ እሱ ለሚሰፋው ሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። ደብዳቤ የመጣለት የሰፈር ሰው ሁሉ የሚያስነብበው በእኔ ነው። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ፂማቸው የሸበተ ሰዎች ፊቴ ቁጭ ብለው አፍ አፌን ሲያዩ ራሴን ሊቅ አድርጌ እቆጥር ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ ገበያ ላይ በርበሬና ዝንጅብል ይሸጣሉ። አንድ ልጃቸው ሰይድ ጅቡቲ ገብቶ ወደብ ላይ ሸክም ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አላዩትም። በኅዳር፣ ቆላው ማሽላውን ሲያጭድ፣ ደብዳቤው መጣ። አሠሪው ዕቃ ሊያስረክብ በባቡር አዲስ አበባ ድረስ እንደሚያመጣው፣ ቤት ደርሶ ለመመለስ ግን ፈቃድ እንደከለከለው ይናገራል። «ስመለስ ሐሙስ በ10 ሰዓት አዋሽ እንደርሳለን። ባቡሩ እዚያ ብዙ ይቆማል። በአላህ ይዤሻለሁ እናቴ፣ ነይና ዓይንሽን ልየው» ይላል።

«ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት» ብዬ ጮክ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት» ብለው እንደ ዱዓ ደገሙት። ቀጥለውም «አላህ ያክብርህ ልጄ። እዚያስ ማን ያነብልኛል? አንተው ውሰደኝ» አሉኝ።

ከገበያ ከሚመለሱ ግመል ነጂዎች ጋር ቁልቁል ወረድን። አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እያጠረ፣ አፈሩ እየነጣ ሄደ። ስንቃችን የማሽላ ቂጣ ነበር፤ ግመል ነጂዎቹ ወተት ጨመሩልን፣ የጭስ ሽታ ያለው ወፍራም ወተት። እማማ ዘሃራ ለሰይድ የያዙት ጥንቅሽ ነበር። ከእርሻቸው ጣፋጭ ጣፋጩን አገዳ መርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸከሙት። ግመል ላይ እንጫነው ሲባሉ «ይሰበርብኛል» ብለው እምቢ አሉ። ሰይድ በልጅነቱ ጥንቅሽ ሲመጥ ከንፈሩ እየተቆረጠ እንኳ አልተውም ይል እንደነበር መንገዱን ሙሉ አወሩልኝ።

ሐሙስ ጠዋት የከሰምን ወንዝ ተሻግረን፣ ከባቡር ጣቢያው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ሲቀረን፣ አንድ ግራር ጥላ ሥር አረፍን። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ተነስ እንሂድ» አሉኝ። «እዚያው ብጠብቀው ይሻለኛል።»

«እማማ፣ አሥር ሰዓት እኮ ነው። በዚህ ሐሩር ሄደው እዚያ ፀሐይ ላይ ምን ሊሠሩ ነው? ይረፉ» አልኳቸው። አዝኜላቸው ነው። ደግሞም ደክሞኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ የባቡር ጡሩምባ ተሰማ። እማማ ዘሃራ ጥንቅሻቸውን አፈፍ አድርገው ብድግ አሉ።

«የዕቃ ባቡር ነው» አልኳቸው። ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንዲያ በድፍረት የተናገርኩት ከየት አምጥቼ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አመኑኝና ተቀመጡ።

ጣቢያው የደረስነው በስምንት ሰዓት ነው። እሳቸውን ጥላ ሥር አስቀምጬ ዘበኛውን ልጠይቅ ሄድኩ።

«የጅቡቲው? ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደርሶ አለፈ እኮ» አለኝ።

«ደብዳቤው አሥር ሰዓት ነው የሚለው።»

«በፈረንጅ አሥር ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ፣ አንድ ልጅ ወርዶ ከአሊዩ አምባ የመጣች ሴት አላያችሁም ወይ እያለ ሁሉንም ሲጠይቅ ነበር። ባቡሩ ተነቃንቆ ነው ሮጦ የተንጠለጠለው። የእናንተ ነው?»

በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ሰዓት ማንበብ የሚያህለኝ አልነበረም። ስድስት ዓመት ጅቡቲ የኖረ ሰው በጅቡቲ ሰዓት እንደሚያስብ ግን አልመጣልኝም። ወደ እማማ ዘሃራ የተመለስኩበት መንገድ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ በዚያች መሐል ውሸቱን አዘጋጀሁ።

«ባቡሩ ተበላሽቶ ዛሬ ቀርቷል አሉ።»

«እሱስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ነገ እንጠብቀዋለን» አሉ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አብሬያቸው ጠበቅሁ። በማግስቱ ጠዋት ባቡር መጣ፤ እማማ ዘሃራ ከመስኮት መስኮት እየሄዱ «ሰይድ! ሰይድ!» እያሉ ተጣሩ። ማንን እንደሚፈልጉ እያወቅሁ፣ እንደሌለም እያወቅሁ፣ ከኋላቸው ተከተልኩ። ባቡሩ ሲሄድ ጥንቅሹን ጨርቁን ፈትተው ጣቢያው ላይ ለሚጫወቱ ልጆች አደሉት። «የሰው ልጅ ይብላው» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ አንባቢው አሁንም እኔው ነኝ። «አዋሽ ወርጄ ፈለግሁሽ፣ አጣሁሽ። ትቼሽ በመሄዴ ተቀይመሽኝ ከሆነ ይቅር በይኝ» ይላል። እኔ ግን «ባቡሩ ስለተበላሸ በጭነት መኪና ተመለስኩ፣ አታስቢ» ብዬ አነበብኩላቸው። መልሱን ሲያስጽፉኝ ደግሞ የእሳቸውን ቃል ትቼ «መንገድ ላይ አሞኝ ዘገየሁ እንጂ አልተቀየምኩህም» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሳይቆይ ጦርነት ተነስቶ የባቡሩ መስመር ተቋረጠ፤ ደብዳቤም ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰይድ በወባ መሞቱን ከወደብ የተመለሰ ሰው አረዳቸው።

እማማ ዘሃራ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። አሊዩ አምባ በወረድኩ ቁጥር ስለ ሰይድ ያነሱልኛል። «የእኔ ልጅ ቃሉን አያጥፍም፤ የቀረው ባቡሩ ነው» ይሉኛል። እኔም አዎ እላለሁ። በዚያ እምነት ተጽናንተው እንደሞቱ ለራሴ እየነገርኩ ብዙ ዓመት ተኝቻለሁ።

ሰይድ ግን በምን ተጽናና? ያ መልስ መስመሩ ሳይቋረጥ ደርሶት ይሁን፣ ወይስ እናቴ ተቀይማኛለች እንዳለ ሞቶ ይሁን የሚነግረኝ የለም። አሁን ሁለቱም የሉም፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጥቻለሁ። የጻፍኩበት ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከግርጌው ቦታ ተርፎኝ ነበር፤ «ሰዓቱን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ» የሚል አንድ መስመር በደንብ ይይዝ ነበር። በዚያ ቦታ ላይ፣ እንደ ወጉ፣ «ጸሐፊውም ሰላም ብሎሃል» ብዬ ጻፍኩ።