የተቀቀሉት ዘበኞች

«ቅጠሉማ ለምቷል፣ ሥሩን ማን አየለት፣
ከላይ ሲስቅ ውሎ… ህም… ህምህም… መሸለት።»

የቲማቲም ችግኝ አፍልታ የምትሸጠው ሴት መሃሉን ረስታዋለች፤ ህምታዋ ግን ከግጥሙ ይልቅ ሆድ ያባባል። ጎረቤቶቿ «እስቲ ልየው» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሳታፈላ ውኃ አትጠጣም፤ የችግኝ ሳጥኖቿ እንኳ በበረኪና ይታጠባሉ። ዓምና የአጠውልግ በሽታ የላስቲክ ቤቷን ባዶ አስቀርቶታል። ዘንድሮም ከደገማት ሸራውን አጥፋ ሥራውን መተው ነው።

የእርሻ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራው የእህቷ ልጅ አንድ ቀን ደፍረስ ያለ ፈሳሽ በጠርሙስ ይዛ መጣች።

«ባክቴሪያ ነው፣ አክስቴ። ሥሩ ላይ ይሰፍርና ክፉውን ቦታ ይነሳዋል።»

«ጀርም ተሸክመሽ መጣሽልኝ?»

«ይሄኛው ደጉ ነው።»

«ደግነቱን ማን መሰከረለት? ለጅብ የሥጋ አደራ ስጪ እኮ ነው የምትይኝ።»

ልጅቱ በውኃ በጥብጣ እንድታጠጣ ነግራት ሄደች። እስቲ ልየው ግን እንግዳን ዝም ብሎ ማስገባት አልሆነላትም፤ ከፍላ በድስት ጣደችው። በሩ አጠገብ ያለው የችግኝ መደብ ተንተክትኮ የቀዘቀዘውን ጠጣ። ያኔ ጋዙ አለቀባት። ለጓሮው መደብ ጥሬውን፣ ፊቷን አዙራ አፈሰሰችለት። ከዚያ ወዲያ የምትጠረጥረው እሱን ነበር፤ እንደ አማት ጎንበስ እያለች ቅጠሉን ትገልጣለች።

የጠወለገው ግን የበሩ መደብ ሆነ። አረንጓዴውን እንደለበሰ፣ በጠራራ ቀትር፣ እንዳዘነ ሰው አንገቱን ደፋ።

«ነይ፣ የደግሽን ሥራ እዪ» አለቻት በስልክ። ምሳዋን አቅርባ ሳትነካው ልጅቱ ደረሰች።

«እንዴት አድርገሽ ነው የሰጠሻቸው?»

«አፍልቼ ነዋ።»

«ዘበኞቹን ቀቅለሽ ነዋ በር ላይ ያቆምሻቸው።»

«እሱን የምትይው አንቺ ነሽ።»

ልጅቱ ከጠወለገው አንድ ግንድ ቆርጣ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያዘችው። ከቁራጩ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቁልቁል ወረደ። «በሽታው ይኸውልሽ» አለች። ከጓሮው መደብ የተቆረጠው ውኃውን አላደፈረሰም። አክስትየው በራሷ ቢላ ከሁለቱም መደብ ሌላ ቆርጣ፣ በራሷ ብርጭቆ ሞከረችው። ያው ነው።

«የበሩ አይተርፍም?»

«አይተርፍም። በሳጥን ያሉትን ግን ዛሬውኑ አጠጪያቸው።»

ጠርሙሱን ራሷ ያዘች። የተረፈውን ጥሬ በጥብጣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አጠጣች፤ በልቧ ዘበኞቹን ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ መልሳም ጠረጠረቻቸው። ከዚያ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች፤ ወንበሯን ችግኞቹ ወደሚታዩበት በር አዙራ፣ በቀዘቀዘ ምሳዋ ፊት ቁጭ አለች።