ከጓሮዬ የተቆፈረው ማስረጃ

ያሰሩኝ ቤት ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ወለሉ ላይ አሁንም አልፎ አልፎ ጀንፈል ቡና ከነገለባው የሚለቀምበት ቤት። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የጆንያ ሽታ ነው። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነበር። ሽታው ግን የልጅነቴ ሽታ ስለሆነ ትንሽ አረጋጋኝ።

መምህር ነኝ። የሰፈሬ ሰዎች ወክለውኝ ስብሰባም እገባ ነበር። ስብሰባ ላይ እጅ የማውጣት አመል ስላለብኝ ባለቤቴ የምትሸኘኝ “እጅህን ኪስህ ከተህ ተቀመጥ” እያለች ነው። ታዲያ አንድ ቀን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ነዋሪው መረጃ የሚሰበስብለት የግል ድርጅት መቅጠሩ ተነገረን። እጄ ከኪሴ ወጣች። “ይህ ድርጅት የሚጽፈውን ማን ያየዋል? ሲሳሳትስ ማን ያርመዋል? ውሉ ለእኛ ለተወካዮቹ ይቅረብ” አልኩ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰውዬ “ምስጢር ነው” ብለው ስብሰባውን ለሻይ በተኑት። እኔም ጥያቄዬን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀበልኩ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከማስተምርበት ክፍል አስወጥተው ወሰዱኝ። የልጄ ሠርግ የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ፤ አንድ ከባንኮ ጎቲቲ የመጡ ሽማግሌ ቡና ገበሬና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

“አባባ፣ በምን ታሰሩ?” አልኳቸው።

“ምስጢር ነው አሉኝ” አሉና ሳቁ። “እኔም ለማንም አልናገርም። አላውቀውማ!”

“ቲቸር፣ ዌልካም” አለ ተማሪው፣ ጆንያ ደርቦ እያነጠፈልኝ። “እኔንም እንደዚያው ነው ያሉኝ። ፋይል አለህ ይላሉ፣ ፋይሉን ግን ያየው የለም።”

ሐሙስ ጠዋት ከመጋዘኑ አጠገብ ወዳለው ክፍል ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። ድርጅቱ የጻፈውን ሪፖርት በሰማያዊ ፋይል ይዞ፣ እንደ ካርታ ተጫዋች ወደ ራሱ አዙሮ ነው የሚያነበው። በሩ ላይ አንድ የወናጎ ሰው የሆነ ጎልማሳ ፖሊስ ቆሟል።

“መምህር፣ ጥቅምት ላይ ጓሮዎ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረዋል?”

“ቆፍሬያለሁ።”

“ሴቶች ተሰብስበው በቅጠል የተጠቀለለ ከባድ ነገር ከተውበታል። ከላይ ድንጋይ ተጭኖበታል።”

“ልክ ነው።”

“ከሳምንታት በኋላ ያው ሴቶች ተመልሰው ከፈቱት። አዩት፣ አሸተቱት፣ ቅጠሉን ለውጠው መልሰው ቀበሩት። አንዷም ‘ለሠርጉ ይደርሳል’ ብላለች።” ቀና ብሎ አየኝ። “የሚደርሰው ነገር ምንድን ነው?”

ሦስት ቀን ሙሉ በፍርሃት የከረምኩት ሰውዬ ሳቅ አመለጠኝ።

“ቆጮ ነው” አልኩት።

“ቀልዱን ይተዉት። ቆጮ አውቃለሁ። ክትፎ ቤት ስንቴ በልቻለሁ!”

“ታዲያ ለክትፎ ቤቱ ከየት የሚመጣለት ይመስልዎታል?”

ፋይሉን አገላበጠ። ዳቦ ቤት ሊል ፈልጎ እንደተወው ፊቱ ላይ ይታያል።

“እንሰቱ ተፍቆ፣ በገዛ ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ገብቶ መክረም አለበት” አልኩት። “በዚህ አገር ጓሮው ውስጥ ምንም ያልቀበረ ሰው ካገኙ እሱን ይጠርጥሩ።”

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

“አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?” አለው መርማሪው።

“ምንም፣ ጌታዬ።”

“ቆጮ እንደሚቀበር ታውቃለህ?”

“እኛም ቤት አለ፣ ጌታዬ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልተናገርክም?”

“ሪፖርቱ ለእኛ አይታይም፣ ጌታዬ። ምስጢር ነው።”

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። ሪፖርቱን አንድ የአገሩ ሰው፣ ይኸው በር ላይ የቆመው ሰው እንኳ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ሰኞን ከተማሪዎቼ ጋር እውል ነበር። ማን ያየዋል ብዬ የጠየቅሁትም ይህንኑ ነበር። ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ።

መርማሪው ግን እኔን ከማመን መቆፈር መረጠ። በኋላ እንደሰማሁት ባለቤቴ ቆፋሪዎቹን “ቀስ! ቅጠሉን እንዳትቀዱት! በእጅ ነው የሚወጣው!” እያለች ስታዛቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ በጆንያ ሞልተው አመጡት፣ “ኤግዚቢት” የሚል ወረቀት አሰሩበትና ከምርመራው ክፍል ጥግ አስቀመጡት። ሽታው መጋዘኑን ሞላው። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

“ጥሩ ቆጮ ነው” አሉ። “የማን ነው?”

“የእኔ ነው፣ አባባ።”

“ሚስትህ ጎበዝ ናት። ንገራት።”

ዓርብ ጠዋት መርማሪው አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ‘ስለ ድርጅቱ ያቀረብኩትን ጥያቄ በፈቃዴ አንስቻለሁ፤ በፋይሉ ስላለው ነገር ለማንም አልናገርም’ ይላል።

“ፈርመው አሁኑኑ ይውጡ።”

“ካልፈረምኩስ?”

“ሰኞ እንነጋገራለን።” ሠርጉ ነገ መሆኑን ያውቃል። ፋይሉ ላይ ተጽፏል።

እስከ ከሰዓት እንዳስብበት ወረቀቱን ይዤ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ተማሪው አላቅማማም። “ቲቸር፣ ፈርመው ይውጡ። ልጅዎ ናት እኮ!” ሽማግሌው ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ አገላብጠው መለሱልኝ።

“ልጅህ ያለ አባት ከቤት ብትወጣ ታለቅሳለች። ያ እውነት ነው” አሉ በመጨረሻ። “ጥያቄውን ካነሳህ ደግሞ፣ እኔ እዚህ ለምን እንደመጣሁ ማን ይጠይቅልኛል?” ይህን ብለው እንዳላፍር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩልኝ።

አለቀስኩ፤ አልደብቅም። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ከዚያ ተማሪውን እስክሪብቶ ለመንኩትና ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ ‘ጥያቄዬን አላነሳሁም። ይህን ሪፖርት ከመታሰሬ በፊት ጓሮው ቆጮ ያለው ሰው አንብቦት ነበር? አብረውኝ የታሰሩትን የሁለቱን ሰዎች ፋይልስ ማን አነበበው?’ ፈረምኩበት።

መርማሪው ሁለቴ አነበበው።

“ይህ እኮ ወደ በላይ አካል መሄድ አለበት” አለ።

“ይሂድ።”

“ከሄደ ከነማስረጃው ነው የሚሄደው።” ዓይኑ ጥግ ወዳለው ጆንያ ሄደ። አለቆቹ ፊት ቆጮ ተሸክሞ ሲቆም የታየው መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከቶ ወደ መጋዘኑ መለሰኝ። የልጄን ሠርግ እንዳጣሁት ቆጠርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የወናጎው ፖሊስ በሩን ከፈተ። “ሦስታችሁም ዕቃችሁን ያዙ!” አለ። የሚፈረም የመውጫ ወረቀት አልነበረም። ያስፈረሙኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‘አንድ ጆንያ ቆጮ በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ።’

ሦስት ሆነን ከነጆንያችን አንድ ባጃጅ ውስጥ ታጨቅን። ቤቴ ስንደርስ ሙሽራው ገና አልመጣም ነበር። ሴቶቹ ጆንያውን ከእጄ ነጥቀው ወደ ማድ ቤት ሮጡ፤ ልጄ በነጭ ቀሚሷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

“አባዬ፣ ምን ምን ነው የምትሸተው?”

“ኤግዚቢት” አልኳት።

ሽማግሌውን ከቤተ ዘመዶቼ ጋር አስቀመጥኳቸው። ከቀመሱ በኋላ “አንድ ሳምንት ቢቆይ ይሻል ነበር። ቸኩለው ነው ያወጡት” ብለው ፈረዱ።

ለጥያቄዬ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ዲላ ከተማ መሃል በወጣሁ ቁጥር መዝገብ ቤት ጎራ እላለሁ። ጸሐፊዋ ገና ከበር ስታየኝ “አልመጣም፣ መምህር” ትለኛለች፤ ወንበር ግን ትስብልኛለች። ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ያ ሁሉ ሪፖርት ከየት ሆኖ እንደተጻፈ ከወጣሁ በኋላ ገባኝ። ጓሮዬ የሚታየው ከጎረቤቴ የኪራይ ክፍል መስኮት ብቻ ነው። ተከራዩ እኔ በታሰርኩበት ሳምንት ለቋል። ዝምተኛ፣ ብቻውን የሚበላ ሰው ነበር። ዘንድሮ ለአዲሱ ቆጮ ጉድጓዱን ቅጠል ስናለብስ ያቺን መስኮት ቀና ብዬ አየኋት። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አንድ ቀን “ምን እየቀበራችሁ ነው?” ቢለኝ ኖሮ፣ ከደረሰው ቆርሼ በትኩሱ አቀምሰው ነበር።