በስልክ ሽቦ የመጣ መርዶ

ወይዘሮ ጥሩነሽ ቀን ቀን በአንድ ሆቴል ላውንደሪ አንሶላ ሲያጥፉ ይውላሉ። ማታ ግን ሲያትል ያለ ሐበሻ ሐዘኑን ይዞ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። አገር ቤት ዘመድ የሞተበት ሰው ሲኖር ማን ይንገረው፣ መቼ ይነገረው፣ ሲወድቅ ማን ይደግፈው የሚባለው ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታቸው ነበር። ድምፃቸው ለሙሾ የተፈጠረ ነው፤ አንድ ስንኝ ሲያወርዱ ሟቹን የማያውቅ እንኳ አንገቱን ይደፋል።

እኚህ ሴት በሕይወታቸው ከልብ የናቁት ሰው ቢኖር ኪዳነ ወልድን ነው።

ኪዳነ ወልድ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሱፐርቫይዘር ነበር። በ1997 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሞደም የሚሉትን፣ ኮምፒውተርን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኝ፣ እንደ ታነቀ ፍየል የሚጮህ ሳጥን ገዛና ሰው መሆኑ ቀረ፤ ዌብማስተር፣ ማለትም የኢንተርኔት ገጽ አዛዥ፣ ሆነ። ካርድም አሳተመ። ሻይ ለመለመን እንኳ “የመረጃ አውራ ጎዳና” ሳይል አፉን አይከፍትም። “የሐበሻ አደባባይ” ባለው ገጹ ላይ የሰዉን ልደት፣ ሰርግና ሞት ይለጥፋል። የአማርኛውን የኮምፒውተር ፊደል ራሱ ነው የሠራው፤ ዲሲና ካሊፎርኒያ ያሉት በሠሩት ፊደል ከመጻፍ ሞቱን ይመርጣል፤ እነሱም በሱ ከመጻፍ እንደዚያው። ፊደሉ በማንም ኮምፒውተር ስለሌለ ገጹን ሌላ ሰው ሲከፍተው የሚያየው የጥያቄ ምልክትና የተሰባበረ የላቲን ፊደል ነው። በአደባባዩ ላይ የሚጮኸው ብቻውን፣ የሚሰማውም ብቻውን።

በዚያው ሰመር የማርያማዊት አባት ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። ማርያማዊት ከሲያትል ዳር ባለችው ቱክዊላ አራስ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ገና ወገቧ አልጠናም። የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ሥላሴ ሰው ሰብስበው አማከሩ። ድንጋጤ ጡቷን እንዳያደርቀው መርዶው ክርስትናው እስኪያልፍ ይቆይ፣ ከዚያ በአንድ ማለዳ ሽማግሎችና ወይዘሮ ጥሩነሽ ሄደው በወጉ ይንገሯት ተባለ። ባሏ ይርጉም እስከዚያ እንዳይሰማ፤ ፊቱ ምስጢር አይቋጥርም።

ሁሉም ሲስማማ ኪዳነ ወልድ እጁን ኪሱ ከቶ ተነሳ። ሞት መደበቅ ኋላቀርነት ነው አለ። ኮንግረሱ ኢንተርኔትን ሊገድብበት ያወጣውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ሰሞን እንደሻረው ከሀ እስከ ፐ ተረከ።

“ሶ፣ ታዲያ የአሜሪካ መንግሥት ያልቻለውን እድር ሊዘጋው ነው?”

“ፍርድ ቤቱ አራስ ጠይቆ ያውቃል እንዴ፣ ልጄ?” አሉት ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኪዳነ ወልድ ቂሙን ይዞ ወጣ፤ ቤቱ ገብቶም የሐዘን መግለጫውን ለጠፈ። ማንም ሊያነበው እንደማይችል ትዝ ሲለው፣ ፎቶግራፍ ፊደል አያስፈልገውም ብሎ፣ የሟቹን መልክ ገጹ ላይ ቀድሞ ካወጣው የማርያማዊት ሰርግ ፎቶ ቆርጦ በጥቁር ጥብጣብ ከበበና ሰቀለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወይዘሮ ጥሩነሽ ገንፎ ይዘው አራሷን ሊጠይቁ ሄዱ። ይርጉ ኦበርን ከሚሠራበት መጋዘን ገብቶ አሮጌ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ኪዳነ ወልድ የልጁን መወለድ አወጣለሁ ብሎት ስለነበር ያንን ሊያሳያቸው ነው።

“እትዬ፣ ስልኩን እንዳያነሱ ብቻ። ይቆረጥብኛል።”

ሞደሙ ጮኸ። ገጹ ወጣ፤ የጥያቄ ምልክት መዓት። ማርያማዊት ሕፃኑን ታቅፋ ከባሏ ኋላ ቆማ፣ የልጄ ስም ይሄ ነው ወይ ብላ ሳቀች። ሳቋ ገና የወለደች ሴት ሳቅ ነው፤ እንደ ንጋት ጤዛ፣ ሲነኩት የሚረግፍ።

ከዚያ ፎቶግራፉ መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ፎቶ ባንዴ አይመጣም፤ እንደ ጥለት ክር በክር፣ ከላይ ወደ ታች ይሸመናል። መጀመሪያ ጥቁር ጥብጣብ። ከዚያ ሽበት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ቀና ሲሉ ያው ሽበት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የሰርግ ፎቶ ውስጥ አለ። ግንባሩ ወጣ። ቅንድቡ ሊከተል ሲል እጃቸውን ሰደዱና ስልኩን አነሱ።

ሞደሙ ተንሰቅስቆ ዝም አለ። ፎቶው ግንባር ላይ ቀረ።

“ቆረጡት እኮ፣ እትዬ።”

“ይቆረጥ። የምደውለው አለኝ። ዝጋው አሁን፣ ለሕፃኑ ዓይን ጥሩ አይደለም።” ይርጉ እያጉረመረመ ዘጋው። እሳቸውም ጀርባቸውን ሰጥተው ኪዳነ ወልድ ዘንድ ደወሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ “የሰቀልኸውን አውርድ። ያለሁት ቱክዊላ ነው።”

ኪዳነ ወልድ ስለ ነፃነት ጀመረ። ኢንተርኔት ባለቤት የለውም አለ።

“አንተም የለህም መሰል። እኔን ታውቀኛለህ፤ የማወርድብህ ስንኝ አይቸግረኝም።”

ኪዳነ ወልድ በተሰበረ ድምፅ፣ ለማውረድም እኮ ስልኩ መዘጋት አለበት አለ፤ ቤቱ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው። የዓለምን አፍ የከፈተ ሰው አንዲት ባልቴት ስልኩን ብትይዝበት መንቀሳቀሻ አልነበረውም።

“በል ያንተን ዝጋ” አሉት።

የራሳቸውን ግን አልዘጉም፤ ከዘጉ ይርጉ ገጹን ተመልሶ ይከፍተዋል። ለባዶው መስመር ወሬ ጀመሩ። ስለ በርበሬ ውድነት፣ ስለ ላውንደሪው አለቃ፣ ያልተጋባ ሰው አጋብተው ያልተጣላ አጣልተው ቀጠሉ። ይርጉ ቆሞ ይጠብቃል። ማርያማዊት ገንፎዋን በልታ ልጇን ታጠባለች።

በመጨረሻ በሩ ተንኳኳ። ኪዳነ ወልድ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያሽከረከረ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ። የመረጃ አውራ ጎዳናው ጌታ፣ ማውረዱን ሊነግር ቢደውል መስመሩ ቢያዝበት ጊዜ፣ እንደማንም መልእክተኛ በአስፋልቱ መጣ።

“ወርዷል፣ እትዬ” አለ።

ስልኩን ዘጉ። ደህና ጎረቤት ይመስል ገንፎ አቀረቡለት።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ፣ በአንድ ማለዳ፣ ሽማግሎቹ የማርያማዊትን በር አንኳኩ። አለቀሰች፤ የሚደግፋት ክንድ ግን ግራና ቀኝ ነበራት። ለቀስተኛው ሲሞላ፣ ኪዳነ ወልድ ጥጉን ይዞ እንደተቀመጠ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደረታቸውን እየመቱ አወረዱለት፦

ሙትን በሽቦ ላይ የሰቀለ ጎበዝ፣
እንኳን ለለቅሶ ቤት ለሰርግም አይያዝ።