ከዓሦቹ ሥር የነበረው ፍም

«ልጆች እያለን ዘመኑ ደግ ነበር» እያሉ እንባቸውን የሚጠርጉ እኩዮቼን ስሰማ አፌ ላይ የሚመጣው «ኤዲያ!» ብቻ ነው። ለማን ነበር ደግ? ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ፣ የታናሽ እህቴ የየሻረግ ልጅ ያሠራውን ቤት ልመርቅ ሄጄ ሳሎኑ መሐል የተገተረውን የመስታወት ገንዳ ሳይ፣ ያ ደግ የሚሉት ዘመን እንዳለ በአፍንጫዬ ተመለሰ። ሽታው የረጠበ ጆንያ፣ የከሰልና የዓሣ ውኃ ነው። ልጁ «አሮዋና ይባላሉ አክስቴ፤ ገና ጫጩቶች ናቸው። ቤት ውስጥ ሲያድጉ ገድ ያመጣሉ ይባላል» እያለ ያስጎበኘኛል። ጣት የሚያካክሉ፣ የጀርባ ክንፋቸው ወደ ጭራቸው የሸሸ፣ ቅርፊታቸው ከአሁኑ የሚያብረቀርቅ ናቸው። «የእነዚህ ዘመዶች ካሉበት ቤት ከእናትህ ጋር ኖረናል» አልሁት። የአሮጊት ወግ መስሎት ሳቀና ስልኩን መነካካት ጀመረ።

አጎታችን ግራዝማች ደምሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። አባታችን የሞተ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «የወንድሜ አጥንት ሜዳ ላይ አይወድቅም!» ብሎ ምሎ፣ እናቴን፣ እኔንና ገና ድክ ድክ የምትለውን የሻረግን ወደ ቤቱ አመጣን። ለቀስተኛው መርቆ አልጠገበውም። ቤቱ ስል ታዲያ እልፍኙ እንዳይመስላችሁ። ከጓሮ ያለ፣ ኮርቻና ድንች ይቀመጥበት የነበረ፣ ምድጃ የሌለው ዕቃ ቤት ነው። ሚስቱ ጠባዩን አውቃ ገና ድሮ ጥላው አዲስ አበባ ገብታለች፤ ብልህ ሴት! ስለዚህ ወጥ ቤቱም፣ ልብሱም፣ እንግዳውም በእናቴ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ደሞዝ ብሎ ነገር የለም። ዘመድ ለዘመድ ምን ደሞዝ አለው!

ግራዝማች የወረዳ ገዥ ለመሆን የማይስመው ጉልበት አልነበረም። ለመንግሥት ሥራ ጋምቤላ ከርሞ ሲመለስ፣ ሰው ማርና ቡና ያመጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ በእንስራ ውኃ የዓሣ ጫጩት ይዞ መጣ። ከባሮ ወንዝ ያስጠመዳቸው ናቸው፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አልቀው ጥቂቶቹ ነፍሳቸው ተርፎ ደረሱ። አዲስ አበባ አንድ ባለሥልጣን ቤት በመስታወት ውስጥ የሚዋኙ ቀያይ ዓሦች አይቶ ኖሮ፣ ያ ሰው ለጉብኝት ወደ ማርቆስ ሲመጣ በቤቱ የሌለውን ዓሣ አሳድጎ ሊያበረክትለት ነው። ማር የሚያስጭን ሞልቷል፣ ሰንጋ የሚነዳም ሞልቷል፤ ዓሣ ይዞ ደጅ የሚጠና ግን ከእኛ ግራዝማች በቀር ማን አለ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኸ ነው።

አናጢ ተጠርቶ ባለ ብረት እግር የመስታወት ሣጥን ተሠራ። በስቱኮ ተለጥፎ ያፈሳል፣ በሰም ተደፍኖ ያፈሳል፤ ከሥሩ ጆንያ ተነጥፎለት እልፍኙ ሁልጊዜ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። የባሮ ዓሣ ቆላ የለመደ ነው፣ የማርቆስ ብርድ ባንድ አዳር ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከሣጥኑ እግሮች መሐል የከሰል ማንደጃ ገባ፣ ፍሙም ቀን ከሌት እንዳይጠፋ ታዘዘ። ጫጩቶቹ ደግሞ መዝለል ይወዳሉ። አንዱ ወለል ላይ ደርቆ ከተገኘ ወዲህ የእናቴ ሰፌድ ተወስዶ ክዳን ሆነ፤ እህል የምታበጥርበት ሌላ አልነበራትም። ውኃ ሲቀየር የሚሞቀው በእሷ እጅ ነው። የሻረግን ልታጥብ ስትል እንደምታደርገው ክርኗን ነከር አድርጋ ትለካዋለች።

እኔም ሥራ አላጣሁም። ትምህርት ቤት ለክረምቱ ስለተዘጋ፣ ጓደኞቼ ከየበረንዳው ሥር ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ እኔ በጭልፋ ከየኩሬው የትንኝ እጭ ስቀዳ እውላለሁ። እውነቱን ልናገርና ዓሦቹ ምን አጠፉ? ጣቴን ወደ ውኃው ሳስጠጋ ተግተልትለው ይመጡ ነበር፤ አየር ለመሳብ ብቅ ሲሉ የአፋቸው ድምፅ ጧ ይላል። ደስ ይሉኝ ነበር። ንቀቴ ለጌታቸው ነው።

ፍልሰታ ገባ። እኛ ልጆቹ ሳንቀር ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አንቀምስም፤ ለዓሦቹ ግን በየጠዋቱ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል እየተፈረፈረ ይቀርባል። በዚያው ሰሞን የሻረግን ሳል ያዛት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ኋላ ግን ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ይታይ ጀመር፣ እህልም አልቀምስ አለች። የነፍስ አባታችን አባ ይባቤ መጥተው አዩአትና «ይቺ ሕፃን ናት፣ ያውም ሕመምተኛ፣ ምን ጾም አለባት? እንቁላሉንም ወተቱንም ስጫት። ከሁሉ በላይ ግን ይሙቃት ልጄ፣ ብርዱ እንዳይወስዳት» ብለው ሄዱ። እናቴ እልፍኝ ገብታ አንድ እንቁላል ለመነች።

«በፍልሰታ?» አለ ግራዝማች ቀና እንኳ ሳይል። «በእኔ ቤት ክርስቲያን እንቁላል አይበላም!»

«ዓሦቹ ይበሉ የለም እንዴ ጌታዬ?»

«እነሱ ክርስትና አልተነሡ!»

ይኸን ያለው በቀልድ አይደለም። ከልቡ ነው። እናንተ ሳቁበት፤ እኔ እስከ ዛሬ አልሳቅሁበትም።

የከሰሉ ቁልፍ ወገቡ ላይ ነው። እንጨቱ በዝናቡ ርሶ፣ ቢያነዱት ጭስ እንጂ ሙቀት አይወጣውም። በቡሄ ማግስት እናቴ «ትንሽ ፍም ልውሰድላት፣ ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥ ነው ያደረች» ብትለው፣ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ሲባል አልሰማሽም? ምን ብርድ አለና!» አላት። ይኸን እያለ ራሱ ጎንበስ ብሎ ለዓሦቹ ከሰል ይጨምራል! እናቴ እጅ ነሥታ ወጣች። ያን ጊዜ ፍርሃት መስሎኝ በጣም ተናደድሁባት። ለካ እሷ የምታስበው ሌላ ነው። ዘመዶቿ ያሉት ደብረ ኤልያስ ነው፤ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ደረቷ የታመመ ሕፃን አዝሎ በእግር አይደረስም። ከግራዝማች ቤት ብንባረር የሻረግ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ ብንቀመጥ ደግሞ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትቀራለች።

ያ ባለሥልጣን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አጀቡን አስከትሎ መጣ። ግራዝማች ካባውን ደርቦ፣ ጢሙን ቅቤ ቀብቶ፣ ከወገቡ እየታጠፈ ተቀበለው። አባ ይባቤም ማዕድ ሊባርኩ ተጠርተው ጥግ ተቀምጠዋል። እናቴ የሻረግን አዝላ ጠላ ትቀዳለች፤ እኔ ዓሦቹ ሲበሉ እንግዳው እንዲያይ ተብሎ አስኳሉን በሣህን ይዤ እንደ ችካል ቆሜአለሁ። ግራዝማች ከሣጥኑ ጎን ሆኖ ምላሱን ፈታው። «የዚህ ዓሣ ነገር ይደንቃል ክቡርነትዎ። አባትየው በሣር መሐል ጎጆ ሠርቶ ጫጩቶቹን ይጠብቃል። የወገኑን ልጅ ለማንም አይጥልም!» አለ።

ይኸኔ የሻረግ ሳል ጀመራት። ሳለች፣ ሳለች፣ ትንፋሿ ተቋርጦ ከንፈሯ ጠቆረ። እናቴ ማሰሮውን ቁጭ አደረገች። ወደ ሣጥኑ ሄዳ መጀመሪያ ሰፌዷን ከላዩ አነሣችና ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ የማንደጃውን ጆሮዎች ይዛ፣ ፍሙን እንዳለ ከዓሦቹ ሥር አውጥታ በእንግዶቹ መሐል ወደ በሩ አመራች። እግሩን ያልሰበሰበ እንግዳ አልነበረም።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ ባለሥልጣኑ።

«የ… የወጥ ቤት ሠራተኛ ናት ክቡርነትዎ። ትንሽ ጤና የላትም» አለ ግራዝማች።

እናቴ ደጃፉ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «የወንድምዎ ሚስት ነኝ። ይቺም የወንድምዎ ልጅ ናት። ዓሣ እንኳ የወገኑን ልጅ አይጥልም ብለው አሁን በአፍዎ ነገሩን» አለችና ወጣች።

«እውነቷን ነው» አሉ አባ ይባቤ። «ለቅሶው ላይ ሲምሉ እኔም ነበርሁ።»

ወዲያው ክዳን ያጣው ሣጥን ውስጥ ካሉት አንዱ ዘሎ ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ። የወረዳ ገዥነት የሚመኘው ግራዝማች ደምሴ ካባውን እየጎተተ በአራት እግሩ ተንበርክኮ ዓሣውን ያሯሩጥ ጀመር። ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል፤ ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል። ባለሥልጣኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ያን ካየሁ ወዲህ በካባ ተደንቄ አላውቅም።

ዕቃ ቤት ስደርስ እናቴ ከሰሉ እንዳያፍነን በሩን ገርበብ አድርጋ የሻረግን በፍሙ ትይዩ ታቅፋ ተቀምጣለች። የዓሦቹ ሣህን ለካ ከእጄ አልወጣም። ተቀበለችኝና አስኳሉን በጣቷ እያላመች አጎረሰቻት። የሻረግ ዋጠች! ሲመሻሽ ላብ አላባት፣ ትንፋሿም ረጋ። ንጋት ላይ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ተገኙ። አዘንሁላቸው፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግራዝማች ግን የእኛን ወጥቶ መሄድ እንኳ አልጠበቀም፤ ጨርቃችንን ራሱ ወደ ዝናቡ ወረወረው። አባ ይባቤ ዝናቡ እስኪያባራ ቤታቸው አስጠጉን፤ መስከረም ሲጠባ ደብረ ኤልያስ ገባን።

ሹመቱን አጣ ብላችሁ እንዳትጽናኑ። አገኘው እንጂ! ባለሥልጣኑ እንደዚያ ስቆ አያውቅም ነበር አሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ በላ፣ ኋላም ዘመን ተገለበጠና ተሻረ። ደግ ዘመን ማለት ይኸ ነው እንግዲህ።

ዛሬ ማንደጃ ቀርቷል። የእህቴ ልጅ ዓሦቹን በኤሌክትሪክ ያሞቃል፣ የውኃውን ሙቀት ስልኩ ይነግረዋል። በዚያው በሄድሁበት ሰሞን አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ጎረምሳው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ፤ «ያልቃሉ! በብርድ ያልቃሉ!» እያለ ሻማና ጄኔሬተር ፍለጋ ወጥቶ ሮጠ። እኔ በሆዴ «ግራዝማች ደምሴ ተነሥቷል» አልሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው የሻረግ ግን ብድግ አለች። ከዚያ ክረምት ወዲህ ደረቷ ብርድ አይችልም፣ በበጋ እንኳ ጋቢ ከትከሻዋ አይወርድም። ያን ጋቢዋን አወለቀችና ገንዳውን ዙሪያውን ጠቀለለችው።

«አንቺስ?» አልኋት ተቆጥቼ።

«እኔማ ትልቅ ሰው ነኝ እትዬ። እነሱ ሕፃናት ናቸው እኮ፤ ይበርዳቸዋል።»

እናቴ የዚያን ክረምት ነገር እስክትሞት ድረስ አልነገረቻትም፤ «ልጄ ቂም ይዛ አትደግ» ትል ነበር። እኔ ግን ከንዴቴ የተነሣ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሳያት ክርኗን ውኃው ውስጥ ነከር አድርጋ ትለካለች። ማን እንዳሳያት አታውቅም። ዋጥሁት። የጋቢዬን ግማሽ ደረብሁላትና መብራቱ እስኪመጣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ተቀመጥን።