ቀላሉን አምጪ

አባቴ ቀኝ እጃቸው ከዛለ በኋላ ብዙ ነገር በግራ ተለማመዱ። መጀመሪያ ሰሞን በግራ እጃቸው ሲጎርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ ውሎ አድሮ እሱንም ተዉት። ዱላ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማጥለቅ፣ ሁሉንም ቻሉት። ሊለምዱት ያልቻሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ በመነጽሩ ወፍ ፈልጌ እስካሳያቸው መጠበቅ።

መነጽር የምንለው በአንድ ዓይን የሚታይበት ረጅም ቱቦ ነው። አባቴ በደህናው ጊዜ የደን ጠባቂ ነበሩ። ወፍ የሚያጠና አንድ የውጭ አገር ሰው ከቢቸና ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ከእሳቸው ጋር ሲዞር ከረመና፣ ሲሄድ መነጽሩን ከነማቆሚያው ሰጣቸው። ማቆሚያው ሦስት እግር አለው። በእግሮቹ ጫፍ ላይ ደግሞ መነጽሩን ተሸክሞ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የሚያዞር ብረት አለ። አባቴ ይህን ብረት «ራስ» ይሉታል። ራስ ከሌለው ሦስቱም እግር ከንቱ ነው፤ መነጽሩ የምትበር ወፍ መከተል አይችልም።

የታመሙ ዕለት ገደሉ አፋፍ ላይ ነበሩ፤ ከነመነጽሩ ወደቁ። ጎረቤት «መጋኛ መታቸው» አለ፤ ጤና ጣቢያ «ስትሮክ ነው» አሉን። ስሙ ምንም ይሁን ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ቱቦው ሣር ላይ ስላረፈ ተረፈ፤ ራሱ ግን አንገቱ ላይ ተሰበረ። አባቴ አፋቸው ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እሱ ነው። ስነግራቸው ጠመም ባለ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ።

«እሱ ከአንገቱ በላይ፣ እኔ ከአንገቴ በታች» አሉኝ። «ብንገጣጠም አንድ ሙሉ ሰው ይወጣናል።»

መሄድ ከቻሉ በኋላ ወደ ገደሉ ይዣቸው እወጣ ጀመር። መነጽሩን በጎማ ቁራጭ እግሮቹ ላይ አስሬ አቆማለሁ፤ ወፏ ስትንቀሳቀስ እግሮቹን አንስቼ አዞራለሁ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይመሩኛል።

«ወደ ግራ። አለፍሽው፣ ተመለሽ። ዝቅ። ኧረ ዝቅ አልኩሽ እንጂ ተኚ አልኩሽ?»

«የት ጋ ነው አባ?»

«ኖራ የተቀባ የሚመስለውን ድንጋይ አየሽው? ኩሳቸው ነው። ከእሱ በላይ።»

«አየኋት።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ጀርባዋን ሰጥታናለች።»

«ንቃን ነው። ጠብቂያት።»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ ሁለታችንም ዝምተኞች ነን። ከመታመማቸው በፊት «ውሃ አለ?» «አለ»፣ «ሰው መጣ?» «አልመጣም» ብለን የምንውልበት ቀን ብዙ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ግን ስለ ጥንብ አንሳ፣ አጥንት ከሰማይ ለቅቃ ድንጋይ ላይ ስለምትሰብረዋ አሞራ፣ ስለ ቁራ ሌብነት እናወራለን። ጭራሽ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ስለቆዩበት ጊዜ የሰማሁት እዚያ ነው። አልገፉበትም እንጂ አንድ ቃል ሁለት ሆኖ ሲገኝ ደስ የሚላቸው ከዚያ የቀረ ልማድ ነው።

በመንገዳችን ላይ ያለች አንዲት ጎረቤት ባየችን ቁጥር ታሾፍብናለች። «በዚህ ሁሉ መስታወት ጥንብ አንሳ ነው የምታዪበት? ባል እይበት እንጂ አንቺ ልጅ!»

እኔ አንገቴን እደፋለሁ። አባቴ ግን ዝም አይሉም። «አግኝታው ነበር፤ አንቺ ደጅ ላይ ቁጭ ብለሽ ጋረድሽባት።»

ችግሩ እኔ ወፏን አግኝቼ ዞር እስክል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን እስኪያስጠጉ፣ ወፏ ትሄዳለች። የሚያዩት ባዶ ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ከመስታወቱ ቀና አሉና፣ «ጉርሻ ደግ ነገር ነው ልጄ» አሉኝ። «ሁልጊዜ ከሆነ ግን ሰውን ሕፃን ያደርጋል። ሳልሞት አንድ ቀን እንኳ በራሴ ልይ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሞጣ ለሠርግ ሄዳ የነበረች ዘመዳችን መነኸሪያው አጠገብ የቪዲዮ ዕቃ የሚሸጥ ቤት አይታ ነበር። የተሰበረውን ራስ ብሎኑን ለማስተያየት በፌስታል ጠቅልዬ ተነሳሁ። አባቴ በር ድረስ ሸኙኝ።

«ቀላሉን አምጪ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉኝም።

ሱቁ ውስጥ ሻሽ ያሰረች ጎልማሳ ሴት ነበረች። ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሰው አልወጣም፤ እሷው አየችኝ።

«ምን ልስጥሽ እህቴ?»

«ራስ» አልኳት።

«የምን ራስ?»

ፌስታሉን ፈታሁ። «እህ! የስታንድ ነው? እና ጮክ በዪ፣ የሰረቅሽው አስመሰልሽው እኮ። ለሠርግ ነው?»

«አይደለም እትዬ። ለወፍ ነው።»

ዞር ብላ ወደ ጓዳ ተጣራች። «ሰማህ? ወፍ ልትድር ነው የመጣችው!»

ከጓዳ የባሏ ድምፅ መጣ። «ሙሽራዋ ማን ናት በያት! ላባ ከሆነ ጥሎሹ እኔም አለሁበት!»

ፊቴ ጋለ። ሴትዮዋ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ሁለት ራሶች አወጣችልኝ። አንዱ ባለ ኳስ ነው፤ አንድ ማጥበቂያ ብቻ ያለው፣ እንደ ሎሚ በመዳፍ የሚያዝ። ሌላው ጠፍጠፍ ያለ፣ ረጅም እጀታ የወጣለት ነው። የሁለቱም ብሎን ልክ ነበር። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ይዤ መዘንኳቸው። ባለ እጀታው እጄን ወደ ታች ጎተተው፤ ባለ ኳሱን የያዝኩትም አይመስለኝም።

«የቱ ይሻላል? አባቴ ናቸው የላኩኝ» አልኳት።

«እንደ ሥራው ነው። ምን ዓይነት አሉሽ?»

«ቀላሉን።»

«እሱማ ኳሱ ነው» አለችና ጠቀለለችልኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት። «ጎበዝ» አሉ። ገጠምነው። ማጥበቂያውን ሲያላሉት ግን ኳሱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ተለቀቀና መነጽሩ አፍንጫውን ደፋ። ሁለት እጅ ላለው ሰው ችግር የለውም፤ በአንዱ ቱቦውን ይዞ በሌላው ያጠብቃል። አባቴ «ጥሩ ነው፣ ይለመዳል» ብለው ተቀመጡ።

በማግስቱ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ ስመለስ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ግቢው ውስጥ ብቻቸውን አቁመውታል። ቱቦውን በአገጫቸው ደግፈው በግራ እጃቸው ለማጥበቅ ይሞክራሉ። ያንሸራትታቸዋል። እንደገና ይሞክራሉ። ሦስት እግሩ ሊወድቅ ሲል በትከሻቸው ያዙትና፣ «አንተም ራስ ተብለህ!» አሉት። ጀሪካኑን እንዳዘልኩ ውጭ ቆየሁ። ያኔ ነው «ቀላል» ያሉኝ ነገር ሌላ ሆኖ የታየኝ። የማይከብድ ማለታቸው ሳይሆን የማያስቸግር ማለታቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ለአንድ እጅ ቀላል የሆነውን።

ልመልሰው ስል አገሩ ሰላም አጥቶ መንገድ ተዘጋ። ስልክም አይሠራም። መኪና እስኪለቀቅ አባቴ ግቢ እየተቀመጡ ከአጥር በላይ የሚያልፉትን ወፎች በባዶ ዓይናቸው ያዩ ነበር፤ በመሀል እግራቸውም ይከብዳቸው ጀመር። ዱላቸውን ይዘው ከበር እስከ ግቢው ዛፍ ሲሄዱ አይቼ፣ መንገዱ ቢከፈትም ገደሉ ድረስ መሄድ ይቻላቸው ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር።

ሚኒባስ ወጣ በተባለበት ጠዋት ሞጣ ገባሁ። ሴትዮዋ ገና ከበሩ አወቀችኝ።

«የወፏ ሚዜ መጣች!»

አልሳቅኩም መሰለኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት። ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። እጃቸውን፣ አገጫቸውን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«ምነው ያን ጊዜ አልነገርሽኝ የኔ እናት?» አለች። ባለ እጀታውን አወጣችልኝ።

«እጀታው በግራ በኩል ይሆናል?»

እጀታውን ፈታ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረችው። የራሷን ካሜራ ጭና አዞረችውና እጇን አነሳች። ካሜራው ባለበት ቀረ። ኳሱን ተቀብላ እሱን ሰጠችኝ። ባሏም ከጓዳ ወጥቶ፣ «አባትሽን አላህ ይማርልሽ» አለኝ።

አባቴ ዕቃውን በግራ እጃቸው ብድግ ሲያደርጉት ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ምን ድንጋይ ነው?»

«ቀላሉ ነው አባ። በአንድ እጅ ይዞራል።»

«ቀላል ያልኩሽ ለትከሻሽ ነው እንጂ! ያን ዳገት የምትሸከሚው አንቺ አይደለሽ?»

«እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነበር የገባኝ።»

«ታዲያ ገብቶሽ ነበራ!»

ተያየን። እሳቸው ሳቅ ቀደማቸው። «ሰምና ወርቁ ጠፍቶብሽ ሁለት ጊዜ ሞጣ ተመላለስሽ» አሉ። ቀጥለው ግን፣ «ነገ መልሺው» አሉኝ።

«አልመልስም።»

«ምን አልሽ?»

«አልመልስም አባ።»

ለአባቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። እሳቸውም ብረቱን ጭናቸው ላይ አድርገው እጀታውን በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ።

ገደሉ አፋፍ ላይ መጀመሪያ ያቆምኩላቸው ቀን እየደጋገፍኳቸው፣ ብዙ ቦታ እያረፍን ነው የደረስነው። ማጥበቂያውን ትንሽ አላሉት፣ እጀታውን ያዙ፤ መነጽሩ ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ቀስ ብሎ ዞረ። ሲለቁት ቆመ። ጥንብ አንሳዋ ከድንጋዩ ስትነሳ ቱቦው አብሯት ተነሳ፣ ሸለቆውን አብሯት ተሻገረ። እኔ እንደ ልማዴ እግሮቹን ላዞር ብድግ ብዬ ነበር። የሚዞር ነገር አልነበረም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ደስ አለኝ። አባቴ ማንም ሳያጎርሳቸው ሲያዩ በማየቴ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ በሄድንባቸው ቀናት ግን ሥራዬ ተሸክሞ ማድረስና ማቆም ብቻ ሆነ። የቀረውን ጊዜ ከኋላቸው ተቀምጬ ጥልፌን እጠልፋለሁ። ወደ ግራ የሚለኝ፣ አለፍሽው የሚለኝ የለም። «ምን አዩ?» ስላቸው፣ «ያችው ናት» ይሉኛል፤ ሰው በደስታ ውስጥ ሆኖ እንደሚመልሰው፣ ሳይዞሩ። ቤት ስንገባም ውሃ አለ፣ አለ፤ ሰው መጣ፣ አልመጣም። አንዳንድ ቀን ያ ኳስ ትዝ ይለኝና፣ ምነው አንድ ጊዜ አፍንጫውን በደፋ፣ ምነው «ነይ ያዢልኝ» ባሉኝ እል ነበር።

አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። በሽታው ተመልሶ መጣባቸው፤ በዚህኛው ጊዜ አፋቸው አልተፈታም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ከስቃይ አረፉ» ይለኛል፤ እኔም «አሜን» እላለሁ።

ከዚያ በፊት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ጥሩ ፀሐይ የወጣበት ቀን ነበር። እንደ ሁልጊዜው አቆምኩላቸውና ከኋላ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። እጀታው ቀስ እያለ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ቆመ። ከዚያ አባቴ ሳቁ። በአፋቸው ብቻ አልነበረም፤ ጀርባቸው ሁሉ ሲነቃነቅ አየሁት። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም።

ጥልፌን አስቀምጬ ተነሳሁ። «ምንድን ነው አባ? ምን አዩ?»

«ቆይ» አሉኝ።

ቆየሁ። አጠገባቸው ቆሜ እስኪጠሩኝ ጠበቅኩ። የደመና ጥላ ከወዲያኛው አፋፍ መጥቶ ሸለቆውን ሞላው፤ ነፋስ ተነሳ። አባቴ ዓይናቸውን ከመስታወቱ አነሱ፤ ዓይናቸው በእንባ ርሶ ነበር፣ ነፋሱ ይሁን ሳቁ አላውቅም።

«እንሂድ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው» አሉ።

ማጥበቂያውን አጠበቅኩ፤ እግሮቹን አጠፍኩ። ምን እንዳሳቃቸው በመንገድ ይነግሩኛል ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እሳቸውም እግራቸውን እያዩ ዝም ብለው ወረዱ።