ምላጭ መሳያ ድንጋይ ያጣው ሻምበል

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሰበታ የተነሳነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ትእዛዙ ወደ ኦጋዴን ግንባር ይላል። እኔ ተራ ወታደር ብሆንም የሻምበላችንን ወታደሮች ጢም የምላጨው እኔው ነበርኩ። ጓዜ ውስጥ ሦስት የምላጭ መሳያ ድንጋዮች ነበሩ። ከሱሉልታ ወንዝ ዳር ለቅሜ፣ አንዱን ከሌላው ጋር እያሸሁ ለጥ እስኪሉ ሁለት ክረምት ፈጅተውብኛል። መቶ አለቃችን ጓዝ ሲፈትሹ አገኟቸውና መንገድ ዳር አስጣሉኝ።

«ወታደር ጥይት እንጂ ድንጋይ አይሸከምም» አሉ።

ግንባር በደረስን በሁለተኛው ሳምንት እኚሁ መቶ አለቃ፣ ጢሙን ያልተላጨ ወታደር እንዳላይ ብለው አዘዙ። ሰባ ሰው፣ ሁለት ምላጭ። የዚያ አገር ድንጋይ አሸዋማ ነው፤ ስለቱን ይበላዋል እንጂ አይስለውም። ቀበቶዬ ላይ ባፋትገውም ጠብ የሚል ነገር የለም። ምላጩ ጢም መንቀል ጀመረ፤ የተቆረጠው ፊት በሙቀቱ መግል ያዘ። መላጨቱ ይቅር ብዬ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ትእዛዝ ነው ተባልኩ። ጓዶቼ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

የፊቱ ቁስል ከሁሉም የባሰበት የምሽግ ጓደኛዬ ቶሎሳ ነበር፤ የቡራዩ ልጅ። ከምሽጋችን ፊት ለፊት ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጠቆር ያለ፣ ልስልስ ድንጋይ ማየቱን ነገረኝ። እንዳይሄድ ለመንኩት።

«አንተ ማድማት ሰልችቶሃል፣ እኔም መድማት ሰልችቶኛል» አለኝ።

በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወረደ። ሲመለስ ከጠላት በኩል ተኩስ ተከፈተና ወደቀ። እኛም አጸፋውን መለስን። ሊያወጡት ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ እነሱም ወደቁ። ተኩሱ ሲበርድ አወጣናቸው። ስንቆጥር ሦስት አስከሬን።

ቶሎሳ ድንጋዩን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶት ነበር። ከኮዳዬ ውሃ አፍስሼ ምላጩን ሞከርኩበት። እንደሌሎቹ አሸዋማ ነበር።

ከግንባር ስመለስ ቡራዩ ሄጄ አባቱን ኦቦ ደበላን አገኘኋቸው።

«ልጄ ወንዙ ውስጥ ምን ሊያደርግ ወረደ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ውሃ ሊቀዳልን» አልኳቸው።

ለጓዶቹ ውሃ ሲቀዳ ከሆነስ ደግ ነው አሉ። እኔም ወንዙ ደረቅ መሆኑን ሳልነግራቸው ተሰናበትኩ። ኦቦ ደበላ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። ለእናንተ ለልጆቼ ግን መደበቅ አልፈልግም፤ ሦስቱ ሰዎች የሞቱት በጢም ነው።